ማልት ማለት የኛው ብቅል ነው፦ «ግሉተን ፍሪ» የሚል እሽግ አነባበብ

ደብረ ብርሃን እየኖሩ ከገብስ መሸሽ ቀላል አይደለም። ጠዋት በሶ፣ ከቡናው ጋር ቆሎ። ሐኪም ልጄን ሴሊያክ አለባት (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀቷን የሚጎዳባት ሕመም) ካለ ወዲህ ግን ከገብስም ከስንዴም ተቆራርጠናል። አሜሪካ ያለችው እህቴም ሰው ባገኘች ቁጥር እሽግ ምግብ ትልክልናለች።

መጀመሪያ የላከችው ኮርንፍሌክስ ፊቱ ላይ «ዊት ፍሪ» ይላል። ስንዴ ከሌለው ምን ችግር አለው ብዬ ሰጠኋት። ሁለት ቀን ሆዷን ይዛ ተኛች። በኋላ ከጀርባው ያሉትን ደቃቅ ፊደላት ሳነብ «ማልት» የሚል አገኘሁ። ለካ ማልት እኔው ለጠላ የማበቅለው የገብስ ብቅል ነው! አሜሪካ ውስጥ ስንዴ ካለበት በግልጽ እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል፤ ገብስን ግን አያስገድድም። ስለዚህ «ኮንቴይንስ ዊት» (ስንዴ አለበት) የሚል አጣሁ ብላችሁ አትዘናጉ። ዝርዝሩ ውስጥ ማልት፣ ባርሊ (ገብስ) ወይም ራይ (ግሉተን ያለበት ሌላ እህል) ካያችሁ መልሱት።

አሁን መጀመሪያ የምፈልገው «ግሉተን ፍሪ» (ከግሉተን ነጻ) የሚለውን ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ይህን የሚጽፍ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይፈቀድም። ግን አምራቹ ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ የግድ ሰርተፍኬት አያስፈልገውም። ምልክት ካለበት ሌላ አካል አጣርቶታል ማለት ነው። የአሜሪካው አረጋጋጭ ድርጅት የጂኤፍሲኦ ምልክት ክብ ውስጥ «ጂኤፍ» የሚሉ ፊደላት አሉት፤ የሱ ጣሪያ 10 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓው መስመር የተሰረዘበት የእህል ዛላ ሲሆን የፈቃድ ቁጥር አብሮት ይጻፋል። ቁጥር ከሌለው እኔ ሥዕል ነው ብዬ አልፈዋለሁ። «ቬሪ ሎው ግሉተን» (በጣም ትንሽ ግሉተን ያለው) የሚለው ደግሞ በአውሮፓ እስከ 100 ሚሊግራም ስለሚፈቀድለት ለልጄ አልገዛውም።

አጃ ከሆነ ያለ ምልክት አልነካም። የአጃ ዘመድ የሆነው ሲናር ገብስ ማሳ ውስጥ እንዴት ተደባልቆ እንደሚበቅል የመንዝ ሰው ይነግራችኋል፤ በውጭ አገርም አጃው በማሳ፣ በመኪናና በጎተራ ከሌላ እህል ጋር ይገናኛል። ንጹሑንም አጃ የማይስማማቸው የሴሊያክ ሕመምተኞች አሉ።

የምንጃር ጤፋችን ግሉተን የለውም። ችግሩ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ምልክት የሚለጥፍለት የለም። ስለዚህ ከፊቴ ገብስ ወይም ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ወረፋዬን እለቃለሁ። ጤፍ ካስፈጨ ሰው ኋላ ስገባ እንኳ መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት ለብቻ አስቀምጠዋለሁ። እሱን እኔና አባቷ እንበላዋለን።