ላቬንደራችሁ ለምን ይጠወልጋል? ችግሩና መፍትሄው

አፈሩ እርጥብ ነው፣ ተክሉ ግን ጠውልጓል

ብዙ ላቬንደር የሚሞተው በዚህ ነው። አንገቱን ሲደፋ ስናይ የጠማው ይመስለንና ውሃ እንጨምርለታለን። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የጎዳው ያው ውሃ ነው። ሥሩ በረግረግ አፈር ውስጥ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ውሃ አታጠጡ። ካልተማመናችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጠቁሮ ይሸታል፤ በጣት ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

የጠቆረው ጥቂት ከሆነ በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ ጣሉና ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ጠጠር በበዛበት አፈር መልሳችሁ ትከሉት። ግንዱን ከበፊቱ አስጠልቃችሁ አትቅበሩ። አፈራችሁ ጭቃማ ከሆነ ትንሽ ደቃቅ አሸዋ መቀላቀል ዋጋ የለውም፤ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው የሚያዋጣው። አብዛኛው ሥር ከጠቆረ ግን አትልፉ። ገና ካልጠወለገ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ አዲስ አጽድቁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ላቬንደር ድርቅ የሚችለው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። አዲስ የተተከለውን በመጀመሪያው ዓመት አፈሩ ደረቅ ባለ ቁጥር ጥሩ አድርጋችሁ አጠጡት።

ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለም

ወይ ጥላ ነው፣ ወይ ማዳበሪያ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ደግሞ ቅጠል ብቻ ያበዛል። ማዳበሪያውን ተዉት፤ ለምነቱ አነስ ያለ አፈር ይስማማዋል።

መሃሉ ተራቁቶ እንጨት ሆኗል

ሳይገረዝ ስለቆየ ነው። በየዓመቱ አበባው እንዳለቀ ከአረንጓዴው ክፍል አንድ ሦስተኛ ያህሉን ግረዙት። መቀሱ ግን ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ጋ እንዳይደርስ አደራ! ከዚያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ አያቆጠቁጥም። መሃሉ ጨርሶ የተራቆተውን በአዲስ መተካት ይሻላል።

ግንዱ ላይ ምራቅ የመሰለ ነጭ አረፋ አለ

አትደንግጡ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ተደብቃለች፤ ያን ያህል አትጎዳውም። መድኃኒት አትርጩ፣ በውሃ አጥባችሁ አውርዷት።