መጽሐፍ የለከፈው ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

መጽሐፍ ከለከፈኝ ቆይቷል። የሚነበብ ነገር ካጣሁ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውንም ቢሆን አልምርም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ሌሎች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

ትዕግሥቴን ባስጨረሰኝ ልጀምር፤ በመቁጠር። ገና ንባብ የጀመረ ሰው ሁሉ "በዓመት ስንት መጽሐፍ ማንበብ አለብኝ?" ይለኛል። ኧረ ማን አለብህ አለህ? የማን ዕዳ ነው? ቁጥር አንዴ ከገባ እኮ የምንመርጠው መጽሐፍም ይቀየራል። ወፍራሙ "ለሌላ ጊዜ" ይባላል፣ ቀጭኑ ይነሣል። ግጥም ሳይቀር በሩጫ ይነበባል።

ደርሶብኝ ነው የምናገረው። አንድ ዓመት 100 መጽሐፍ ካልጨረስኩ ብዬ ማልኩ። ደብተር ላይ ርዕስ እየጻፍኩ፣ ቁጥር እየሰጠሁ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ሲቀሩኝ መጻሕፍቱን በውፍረታቸው እየለካሁ ማውጣት ጀመርኩ። 100 ሞላ፤ ደረቴን ነፋሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ልብ ወለድ ያዝኩ። ተመችቶኛል። ገጽ 64 ላይ ስደርስ ህዳጉ ላይ በእርሳስ "ይህቺ ሴትዮ ትዋሻለች!" የሚል ጽሑፍ አየሁ። የማን ነው ብዬ ጠጋ ብዬ ሳየው የራሴ የእጅ ጽሑፍ! ደብተሩን ገለጥኩ። 93ኛው ላይ ተመዝግቧል። ሴትዮዋ እንደምትዋሽ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ጭራሽ አልነቃሁባትም ነበር።

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት ለክቷል። ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋ ነበር። ታሪክ ያለው ነገር ከዚያ ይሻላል፤ ግን አንዱን ዘግተን ወዲያው ሌላውን ስንከፍት የት ይቀመጥ? አሁን በሁለት መጻሕፍት መካከል አንድ ቀን ባዶ እተዋለሁ። ደብተሩም አለ። ቁጥሩ ቀርቶ በየርዕሱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ።

የጀመሩትን ሁሉ መጨረስስ? አትጨርሱ። ሃምሳ ገጽ ሰጥታችሁት ካልያዛችሁ ዝጉት፤ መጽሐፉ አይቀየምም።

መጽሐፍን ከመደርደሪያ ስታወጡ ጣታችሁን አናቱ ላይ አስገብታችሁ አትጎትቱ። ጠረዙ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው። የግራና የቀኙን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉና መሐሉን ወገቡን ያዙት።

የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች መለጠፍ ደግሞ ለዛሬ ብቻ ነው የሚያምረው። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቢጫ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

መጽሐፍ ውኃ ሲነካው ሰው ይደነግጥና ፀጉር ማድረቂያ ያነሣል። ይሄ ገጹን ማጨማደድ ነው። በየተወሰነ ገጹ መሐል ውኃ የሚመጥ ንጹሕ ወረቀት እያስገባችሁ፣ እየቀያየራችሁ ነፋስ ባለበት አድርቁት። ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ጊዜ ካጣችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ ለማድረቅ እስክትመቻቹ ሻጋታውን ያቆምላችኋል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም የሚያደርጉት እሱኑ ነው። ቤተሰብ ይስቅባችኋል። የእኔዎቹ ከበረዶው ጎን ልብ ወለድ ያገኙ ቀን ጤንነቴን ጠይቀውኛል።

መጽሐፍ ለሰው ስታውሱ ጻፉ። ለማን፣ መቼ። የተዋሰው ሰው ሌባ ሆኖ አይደለም፤ ሦስት ወር ሲያልፍ የራሱ ይመስለዋል። የእኔም መደርደሪያ ላይ የሰው ስም ያለባቸው ሁለት መጻሕፍት አሉ። ባለቤቶቻቸው ይህን ካነበቡ… እየጨረስኩ ነው።

ሳይነበብ የተከመረውስ? ጃፓኖች ገዝቶ መከመርን ትሱንዶኩ ይሉታል፤ ቃሉ ከሜይጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) ጀምሮ የነበረ ነው። እንግዲህ አመሉ የኛ ብቻ አይደለም። ስህተቱ መግዛቱ ሳይሆን በክምሩ ማፈሩ ነው። ያላነበብኩት ባይኖረኝ ነበር የምጨነቀው።

የመጽሐፍ መጨረሻ ለሚናገር ሰው ቃል አላባክንም።

በመጨረሻ "ይህን ምዕራፍ ጨርሼ እተኛለሁ" የምትለዋ። ጸሐፊው እኮ ምዕራፉን የዘጋው እንዳትተኙ አድርጎ ነው። እንቅልፍ ከፈለጋችሁ ምዕራፍ መሐል ላይ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ዕልባት አድርጋችሁ ዝጉ። ይህን ዘዴ ካወቅሁት ዓመታት ሆኖኛል። ትናንት መብራት ያጠፋሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ምዕራፍ ጨርሼ።