የአይሶመሮችን ነጥበ ፍሌት ከቅርጻቸው መገመት

አይሶመሮች የሚባሉት የአተሞቻቸው ዓይነትና ቁጥር አንድ ሆኖ በአተሞቹ አደራደር የሚለያዩ ሞለኪውሎች ናቸው። መጀመሪያ የሞለኪውል ቀመራቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ክብደታቸው ከተለያየ ቅርጽን ብቻ ማወዳደር አይቻልም። ቀጥሎ የሃይድሮጅን ትስስር የሚፈጥር ኦኤች (ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ጋር) ወይም ኤንኤች (ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር) እንዳለ እዩ። ካለ እሱ ያመዝናል። ከሌለ ቅርንጫፎቹን ቁጠሩ።

5 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ያላቸውን ሦስት አይሶመሮች እንውሰድ። ቅርንጫፍ አልባው ፔንቴን በ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ባለ አንድ ቅርንጫፉ አይሶፔንቴን በ28፣ ኳስ የሚመስለው ኒዮፔንቴን ደግሞ በ9.5። ረጃጅሞቹ ጎን ለጎን ተጋድመው በሰፊው ይነካካሉ፤ ኳሶች ግን የሚነካኩት በጥቂት ቦታ ስለሆነ መሳሳባቸው ይላላል። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ፈሳሹ ሲፈላ የካርቦን ትስስር የሚበጠስ ይመስለዋል። አይበጠስም፤ የሚላቀቁት ሞለኪውሎቹ ናቸው። ነጥበ ቅልጠትንም በዚሁ ስሌት አትገምቱ፦ ኒዮፔንቴን ጠጣር ሲሆን በደንብ ስለሚደረደር የሚቀልጠው ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፔንቴን ግን ከዜሮ በታች 130 ገደማ።

ድርብ ትስስር ካለ ሲስን (ቡድኖቹ በአንድ ወገን ያሉበትን) ከትራንስ (ቡድኖቹ በተቃራኒ ወገን ካሉበት) ለዩ፤ መረጋጋትንም ከነጥበ ፍሌት ጋር አታምታቱ። በሲስ-2-ቢዩቲን ሁለቱ ሜቲሎች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላቸው ቡድኖች) በአንድ ወገን ስለሚገፋፉ መረጋጋቱ ከትራንሱ በሞል 4 ኪሎጁል ገደማ ያንሳል። ሆኖም ትንሽ ዳይፖል (የኤሌክትሪክ ሙል ወደ አንድ ወገን ማዘንበል) ስላለው የሚፈላው በ3.7 ዲግሪ ነው፤ ትራንሱ በ0.9።