የከተማ ምክር ቤት ወንበርና የቀበሌ ወሰን፦ ውክልናን እንዴት እናስተካክል?

ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 62,497 ሰው ነበራት። ዩኒቨርሲቲዋ ገና ተማሪ መቀበል የጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን ማደጓን አላቆመችም። ባሕር ዳርም፣ ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም እንዲሁ። ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረ ማሳ ዛሬ የማኅበር ቤት ተደርድሮበታል። ወንበር የሚደለደለው ግን በድሮው አሰፋፈር ከሆነ፣ መሀል ከተማ ያለ አንድ ሰው ዳር ላይ ካሉ ሦስት ሰዎች እኩል ይደመጣል። መንገድ፣ ውሃና መብራት የጎደለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ነው። በጉዳዩ ላይ አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም ነበር። ቀጣዩ ከመቃረቡ በፊት ሥራው ማለቅ አለበት። ምርጫ ሲቃረብ የተነካ ወሰን፣ በቅን ልቦና የተሠራ እንኳ ቢሆን፣ ማንም አያምነውም።

በመጀመሪያ፦ ወሳኙን አካል ለዩ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የምርጫ ክልሎችን ወሰን ደግሞ የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል ይላል። ያንን በከተማ ደረጃ መንካት አይቻልም። በከተማው ውስጥ ያለው የቀበሌዎች ድልድል ግን የክልሉን የከተሞች ሕግና የምርጫ ሕጉን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አስገቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላልና፣ ማመልከቻው ላይ ጥቀሱት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ደብረ ማርቆስ በጎዛምን ወረዳ፣ ባሕር ዳርም በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ የተከበቡ ናቸው። ሐሳባችሁ የወረዳውን የገበሬ ቀበሌ የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ ከከተማው አቅም በላይ ነው፤ ወደ ክልል ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ አታቅርቡ። ቀላሉ ጥያቄ ከከባዱ ጋር ታስሮ ዓመት ይቆያል።

ሰዉን ቁጠሩ

አዲስ ቆጠራ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ያለውን መረጃ ሰብስቡ፦ የቀበሌ መዝገብ፣ የመራጮች መዝገብ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት የያዙት የቤተሰብ መረጃ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የውሃና የመብራት ደንበኞች ብዛት። አንዱም ብቻውን አይበቃም። ሦስት ያህሉን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ግን የትኛው ቀበሌ እንዳበጠ ወዲያው ይታያል።

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የውሃ ቆጣሪን ውሰዱ። አንድ ጊቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ ይኖራል፣ ከኋላ ግን ተርታውን የተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች አሉ። አንዱ ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት ከነልጃቸው፣ ቀጥሎ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ከገጠር መጥተው የሚማሩ ሦስት አራት ልጆች ይኖራሉ። በቆጣሪ ካያችሁት አንድ አባወራ ነው። መታወቂያ ያወጣው ደግሞ ምናልባት የጊቢው ባለቤት ብቻ ነው። ተከራይ የሚበዛበት ሰፈር በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል። ስለዚህ ከየቀበሌው ጥቂት መንደሮች መርጣችሁ በእግር ዙሩ፤ በር አንኳኩታችሁ ቁጠሩ። ከመዝገቡ ጋር ያለው ልዩነት ምን ያህል ማረም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ጨረቃ ቤቶችም ይቆጠሩ። ካርታ የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖረውም ሰው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ነገር ግን ቀድማችሁ ቁረጡ። ዶርም ውስጥ ያሉ ሺዎች ከተቆጠሩ ግቢው ያለበት ቀበሌ በድንገት ይገዝፋል። የሚቆጠረው ነዋሪ ነው ወይስ መራጭ? አንዱን ምረጡና ለሁሉም ቀበሌ እኩል ተጠቀሙበት።

ሒሳቡን ሥሩ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተፈጠረ ነው። 60,000 ነዋሪ፣ 5 ቀበሌ፣ 30 ወንበር አለ እንበል። ቀበሌ 01 6,400 ሰው አለው፤ 02 9,100፤ 03 11,700፤ 04 12,300፤ 05 ደግሞ 20,500። ለሁሉም እኩል 6 ወንበር ቢሰጥ በ01 አንድ ተመራጭ 1,067 ሰው ይወክላል። በ05 ግን 3,417። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አሁን 60,000ን ለ30 አካፍሉ፤ ለአንድ ወንበር 2,000 ሰው ይደርሳል። የየቀበሌውን ሕዝብ ለ2,000 ስታካፍሉ 3.2፣ 4.55፣ 5.85፣ 6.15 እና 10.25 ታገኛላችሁ። ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ስጡ፦ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 10። ድምሩ 28 ነው። የተረፉት 2 ወንበሮች ትልቅ ቀሪ ላላቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ለ03፣ አንዱ ለ02። ውጤቱ 3፣ 5፣ 6፣ 6፣ 10 ይሆናል። አሁን አንድ ተመራጭ ትንሽ ቢወክል 1,820፣ ብዙ ቢወክል 2,133 ሰው ነው። ከአማካዩ የራቀው 9 በመቶ ብቻ። የአውሮፓ ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አማካሪ የሆነው ቬኒስ ኮሚሽን የሚመክረው ልዩነቱ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ልዩ ሁኔታ ከሌለም ከ15 እንዳያልፍ ነው። እኛም ብንይዘው መልካም መለኪያ ነው።

አስተውሉ፤ አንድም መስመር አልተነካም። የተዘዋወረው ወንበር ነው። የእኔም ምክር ይኸው ነው፦ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ ወሰን ከመንካታችሁ በፊት ወንበሩን አስተካክሉ። የቀበሌ ወሰን ሲዞር መታወቂያው፣ የቤቱ ፋይል፣ ግብሩ፣ የጤና ጣቢያው መዝገብ ሁሉ አብሮ ይዞራል። ለዚያ ሁሉ እንግልት የሚዳረገው ነዋሪው ነው።

ወሰን መንካት የግድ ከሆነ

አንዳንዴ ወንበር ማዘዋወር አይበቃም። ቀበሌው በጣም ሰፍቶ ተመራጩ የማይታወቅበት ደረጃ ሊደርስ ይችላል፤ አንድ ሰፈር በመሀል መንገድ ለሁለት ተከፍሎም ይሆናል። ያኔ ትልቁ ካርታ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ከዚያ ግን ወደ ሰፈር ውረዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እድራችሁ የት ነው? ውሃና ጤና ጣቢያ የምትሄዱት ወዴት ነው? በክረምት ወንዙን የምትሻገሩት በየት ነው? መልሱ ከየትኛውም ካርታ የተሻለ ወሰን ያሳያችኋል። እድርን ለሁለት የሚሰነጥቅ መስመር ካለ ሌላ ፈልጉ። ወንዝና ዋና አስፋልት ጥሩ ወሰን ይሆናሉ። ግን ድልድይ ነገሩን ይለውጣል። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ወዲህና ወዲያ ያለውን ሰው የበለጠ አቀራርቧል፤ ትናንት የሚለይ ወንዝ ዛሬ ላይለይ ይችላል።

ተንኮሉን ጠብቁ

ወሰን በማስመር ሰውን ድምፅ አልባ ማድረግ ይቻላል፤ አሜሪካኖች ከ1812 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረዋል። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው መበተን ነው፦ ከከተማው ዳር ወደ ከተማ የተጠቃለሉ ገበሬዎች ለአራት ቀበሌ ተከፋፍለው በየትኛውም አንድ ሰው እንዳያስመርጡ ማድረግ። ሁለተኛው ማጨቅ ነው፦ ሁሉንም አንድ ቀበሌ ውስጥ ከትቶ ከአንድ ሁለት ወንበር በላይ እንዳይኖራቸው ማድረግ። ስለዚህ መስመር የሚያሰምረው ኮሚቴ ውስጥ ለወንበሩ የሚወዳደር ሰው አይግባ። ለእያንዳንዱ መስመር «ለምን በዚህ በኩል?» የሚል ጥያቄ ይቅረብ፣ መልሱም በጽሑፍ ይስፈር። ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረ መስመር ድንገት አንድ መንደር ዞሮ ካለፈ፣ እዚያ ጋ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

ሰዉን አወያዩ

ረቂቁ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ብቻ ተለጥፎ አይቅር። እድር ሲሰበሰብ ይነበብ፤ ወጣቱ ጋ በቴሌግራም ይድረስ። ስብሰባውን በገበያ ቀን አታድርጉት፤ ነጋዴው ይቀራል። እናቶች እቤት በሚያዙበት ሰዓትም አይሁን። ከፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ተናግረው ሲጨርሱ ስብሰባውን ለመዝጋት አትቸኩሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት ተከራዮችና ሴቶች በስም እየተጋበዙ ይናገሩ። ቅሬታ ማቅረቢያ ቢያንስ አንድ ወር ይሰጥ። ተቀባይነት ላጣ ቅሬታም ምክንያቱ ተጽፎ ይመለስ።

ምክር ቤቱ ሲያጸድቅ ሦስት ነገር አብሮ ይወስን፦ አዲሱ ድልድል ከየትኛው ምርጫ ጀምሮ እንደሚሠራ፣ ቀበሌው የተቀየረበት ነዋሪ መታወቂያውን ያለ ክፍያ እንደሚቀይር፣ ድልድሉም መቼ እንደገና እንደሚታይ። የመጨረሻውን በደንብ ያዙት። «አስፈላጊ ሲሆን» ተብሎ ከተጻፈ ማንም አያነሳውም፤ ዓመተ ምሕረቱ በቃለ ጉባኤው ላይ በቁጥር ይስፈር።