ከተምች ሆድ የወጣችውን ጥገኛ ተርብ ለይቶ ማወቅ፦ ከማሳ እስከ ዘር ሐረግ

ከአሜሪካ መጤ ተምች ወይም ከአገዳ ቆርቁር እጭ ውስጥ የምትወጣ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ጥቁር ተርብ በዓይን ሲያዩዋት ከመቶ ዓይነት ዘመዶቿ ጋር ትምታታለች። ስም ለማውጣት የቸኮለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አካል ሲያንስ የክንፍ ሥሮች አብረው ይመናመናሉ፤ ይህ በተለያዩ ነገዶች ውስጥ ደጋግሞ ስለደረሰ መመሳሰል የዝምድና ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ማስረጃው ከማሳው ጀምሮ ይሰብሰብ።

ማርባት። እጮቹን አንድ በአንድ በየብልቃጣቸው ያስቀምጡ። መጤ ተምች እርስ በርሱ ስለሚበላላ ሁለት አንድ ላይ ካደሩ ጠዋት የሚገኘው አንድ ነው፤ ተርቧ ከየትኛው እንደወጣችም አይታወቅም። ክዳኑን በስተው ቀዳዳውን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑ። ትኩስ የበቆሎ ቅጠል በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ፣ ኩሱንም ይጥረጉ። ተርቧ ውስጡ እያደገች እጩ መብላቱን አያቆምም፤ ከተራበ ሁለቱም ይሞታሉ። ግድግዳው ላይ ጠል ከያዘ አዲስ የወጣች ተርብ ክንፏ ተጣብቆ ትቀራለች፤ ሻጋታም ይከተላል።

የተርቧ እጭ በራሷ ላይ የምትፈትለው ነጭ የሐር ልባስ ሲታይ ይቁጠሩት። ከአንድ የአገዳ ቆርቁር በደርዘን የሚቆጠሩ ልባሶች ከተገኙ ኮቴሲያ የሚባሉትን ጥገኛ ተርቦች፣ ኮቴሲያ ሰሳሚዬን ወይም ኮቴሲያ ፍላቪፔስን፣ ይጠርጥሩ። ከተምች አንድ ብቻ ከወጣ ኮቴሲያ ኢሲፔን ያስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው አሰሳ ከመጤ ተምች በብዛት የተገኘችው እሷ ናት።

ባዶውን ልባስ በማጉያ ይመልከቱት። ኮቴሲያ ጫፉን ዙሪያውን ቆርጣ እንደ ክዳን ከፍታ ትወጣለች። ጎኑ ላይ የተቦረቦረ ቀዳዳ ካለ የወጣችው የተርቧ ጠላት፣ ጥገኛ በጥገኛ ላይ ናት። ይህን ያላየ ሰው የገበሬውን ባላጋራ ወዳጅ ብሎ ይመዘግባል።

ማቆየት። ተርቧ ከወጣች በኋላ ቀለሟና ክንፏ እስኪጠነክር አንድ ቀን ይጠብቁ። ከዚያ በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ ያኑሩ፤ የአልኮሉ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፣ ከአንድ ቀን በኋላም ይቀየር። መለያው በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ታጥቦ ይጠፋል። ቦታ፣ ቀን፣ ተክል፣ የእጩ ዓይነትና ልባሱ የታየበት ቀን ይጻፍ። በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከተቀመጠ ዲ ኤን ኤው ለዓመታት አይበላሽም።

መለየት። መጀመሪያ የፊት ክንፉን ይዩ። ሥሮቹ ጠፍተው በፊተኛው ጠርዝ አንድ ሥር ብቻ ከቀረ ብዙውን ጊዜ ካልሲድ ከሚባሉት ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች ወገን ናት። እግሯ ጫፍ ላይ ያሉትን አንጓዎች ይቁጠሩ፦ 3 ከሆኑ ትሪኮግራማቲድ፣ 4 ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ዩሎፊድ ናት። ሥሮች በደንብ ካሉ ኢክኒውሞኒድና ብራኮኒድ የሚባሉትን ሁለት የተርብ ቤተሰቦች ይለዩ፤ ከክንፉ መሐል ወደ ኋላ የምትወርድ ሁለተኛ መሻገሪያ ሥር በኢክኒውሞኒዶች አለች፣ በብራኮኒዶች ግን ከጥቂቶች በስተቀር የለችም። ብራኮኒድ ሆና አንቴናዋ በትክክል 18 አንጓ ከሆነ ማይክሮጋስትሪን መሆኗን ይጠርጥሩ፤ ኮቴሲያ የዚህ ወገን ናት። አንቴናው ጫፉ ተሰብሮ ከሆነ ቆጠራው ዋጋ የለውም፣ ሌላ ናሙና ይውሰዱ።

እንቁላል የምትወጋውና ከ1 ሚሊ ሜትር የማትበልጠው ትሪኮግራማ በብርጭቆ ስላይድ ላይ ተዘርግታ፣ ወንዱ የመራቢያ አካሉ ታይቶ ነው የምትለየው። ሴት ብቻ ከያዙ ዝርያውን በመልክ አይወስኑ።

ጂን። ተርቧን ሳይፈጩ በአሟሚ ፈሳሽ፣ ፕሮቲን ከሚፈጨው ኢንዛይም ከፕሮቲኔስ ኬ ጋር በ56 ዲግሪ ያሳድሯት፤ ዲ ኤን ኤው ይወጣል፣ ቅርፊቱ ለምስክርነት ይቀራል። ከማይቶኮንድሪያው የሲ ኦ አንድ ጂን 658 ፊደል ያለውን ክፍል ያንብቡ፣ ወደ ፕሮቲን ተርጉመውም መሐሉ ላይ የማቆሚያ ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጡ። በዚህ ብቻ ግን አይቁሙ። በተርቦች ውስጥ የምትኖረው ባክቴሪያ ወልባኪያ የእናት ዘር የሆነውን ማይቶኮንድሪያ ይዛ ስለምትሰራጭ ሁለት ዝርያዎች አንድ፣ አንዱም ሁለት መስሎ ሊታይ ይችላል። ከኒውክሊየስ ጂኖች አይ ቲ ኤስ 2 ወይም 28 ኤስ ይጨመር፤ ከእነዚህ ጂኖች የተሠሩት የዘር ሐረጎች ካልተስማሙ ተርቧን ያሳደገው እጭ ምን እንደነበረ ይታይ።

ሐረጉን ማንበብ። ኮቴሲያ ከእንቁላሏ ጋር የእጩን መከላከያ የሚያዳክም ቫይረስ ትረጫለች። የቫይረሱ ጂኖች ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኑዲቫይረስ ከሚባል አንድ የነፍሳት ቫይረስ ተወስደው በተርቧ ጂኖም ውስጥ ቀርተዋል፤ የማይክሮጋስትሪኖች የጋራ ውርስ ናቸው። አንዳንድ ኢክኒውሞኒዶችም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው፣ የመጣው ግን ከሌላ ቫይረስ ነው። «ቫይረስ አላት» የሚለውን እንደ አንድ ባሕርይ ሐረግ ላይ መጻፍ ስለዚህ ስሕተት ነው።

በአንድ ስም ሥር የተለያየ ነገር ሊኖር እንደሚችል ኮቴሲያ ሰሳሚዬም በቅርብ ታሳያለች። ኬንያ ውስጥ የሞምባሳዋ ወገን ቡሴዮላ ፉስካ በሚባለው አገዳ ቆርቁር ውስጥ ታፍና ትሞታለች፤ የኪታሌዋ ወገን ግን በዚያው ታድጋለች። አንዷ ስም ብዙ ስለሸፈነችም እ.ኤ.አ. በ2017 ኮቴሲያ ታይፋይ የምትባል ዝርያ ተለይታ ወጥታለች። በብልቃጡ ውስጥ ያለው የእርሳስ ጽሑፍ የእጩን ዓይነት ካልያዘ ይህ ልዩነት ማስረጃ የለውም።