ሞተር፣ ሴንሰርና ድራይቨር ባንድ ላይ አድርጎ መስራት፣ አዳማ ላሉ ፕሮጀክት ሰሪዎች

አስቱ (አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) ምትማሩ ልጆች ለሮቦት እጅ ምናምን ቦታውን እያወቀ ሚዞር ሞተር ከፈለጋችሁ ርካሽ ሰርቮ ከመግዛት ራሳችሁ ብትሰሩት ይሻላል፣ ሰርቮው ውስጥ ቦታውን ምትለካው ፖቴንሽዮሜትር እየተፋቀች ታልቃለች፣ በማግኔት ሚያነብ ሴንሰር ግን ሚነካካ ነገር የለውም።

ሚያስፈልገው ጊምባል ሞተር (ካሜራ ማረጋጊያ ላይ ያለው ዓይነት)፣ በማግኔት ሚያነበው ኤኤስ5600 ሴንሰር፣ ለሞተሩ ኃይል ሚሰጠው ዲአርቪ8313 ቺፕ ያለበት ድራይቨር፣ ኮዱ ሚጫንበት ኢኤስፒ32 ቦርድ እና 12 ቮልት ፓወር ሳፕላይ ነው። የድሮን ማብረሪያ ሞተር አትውሰዱ፣ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ ድራይቨሯን ባንዴ ያቃጥላታል። ከሶስቱ ሽቦ ሁለቱን በቴስተር ለኩ፣ 10 ኦም ካሳየ 12 ለ10 ሲካፈል 1.2 አምፔር ነው፣ ድራይቨሯ ለአፍታ እስከ 2.5 ስለምትችል ሰላም ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሆኖ ሴንሰሩ ሚያነበው ማግኔት። ሰው ኮዱን ሲነካካ ያድራል ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ያገኛችሁት ክብ ማግኔት ሁሉ አይሆንም፣ ብዙዎቹ ኖርዙ ከላይ ሳውዙ ከታች ነው፣ እናንተ ምትፈልጉት የክቡ ግማሽ ኖርዝ ግማሹ ሳውዝ የሆነውን ነው፣ ከሴንሰሩ ጋ አብሮ ሚሸጠው ማለት ነው። በቀጥታ ዘንጉ ላይ አትለጥፉት፣ ዘንጉ ብረት ከሆነ ጉልበቱን ይስብበታል፣ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ትንሽዬ የነሐስ ቆብ አስወጡና እሱ ውስጥ በኢፖክሲ ያዙት። ማግኔቱ የሴንሰሩን ቺፕ መሀል ከ0.25 ሚሊሜትር በላይ ከሳተ ሞተሩ በየዙሩ አንዴ ይቸኩላል አንዴ ይዘገያል፣ ኮድ ከመነካካት ደሞ መጀመሪያ እሱን ማስተካከል ይሻላል።

ከቺፑ እስከ ማግኔቱ ያለው ክፍተት ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው ሚባለው ግን በማስመሪያ አትጨናነቁ፣ ቺፑ ኤጂሲ ሚባል ቁጥር ስላለው እሱን አንብቡ፣ በ3.3 ቮልት ከ0 እስከ 128 ይሄዳል፣ ወደ 128 ከተጠጋ ማግኔቱ ርቋል ወደ 0 ከወረደ በጣም ቀርቧል፣ 64 አካባቢ እስኪመጣ ከሴንሰሩ ስር የፕላስቲክ ሮንዴላ ጨምሩ ቀንሱ። ከዛ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩት፣ አንድ ሙሉ ዙር ላይ ከ0 እስከ 4095 ሳይዘል መሄድ አለበት፣ ከዘለለ ማግኔቱ የተሳሳተው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

አደራረቡ ቀላል ነው፣ ሞተር፣ ከኋላው ሴንሰር፣ ከዛ ራቅ አርጋችሁ ድራይቨር፣ አየር እንዲያልፍ። መያዣውን በስሪዲ ፕሪንተር ስታትሙ ፒኤልኤ ሚባለውን ፕላስቲክ አትጠቀሙ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ድራይቨሩ ሞቆ የአዳማ ፀሐይ ሲጨመርበት ተጣሞ ማግኔቱን ከመሀል ያወጣባችኋል፣ ፒኢቲጂ ሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል። አቧራው ለሴንሰሩ ችግር የለውም፣ ብየዳ ቤት አጠገብ ምትሰሩ ከሆነ ግን ክዳን አድርጉለት፣ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተከመረ ንባቡ ይዛባል።

ኮዱ ላይ ሲምፕልኤፍኦሲ ሚባለውን የሞተር መቆጣጠሪያ ላይብረሪ ተጠቀሙ። የሞተሩ የሚዞረው ክፍል ውስጥ ያሉትን ማግኔቶች ቁጠሩና ለሁለት አካፍሉ፣ 14 ከሆነ ፖል ፔር ሚለው ላይ 7 ብላችሁ አስገቡ። ሲነሳ ሞተሩን ትንሽ ያንቀሳቅስና ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ራሱ ቼክ ያደርጋል፣ ፌል ካለ የሴንሰሩን ማግኔት ደግማችሁ እዩ።

ሁለት ሞተር ምትሰሩ ከሆነ ደሞ የኤኤስ5600 አድራሻ አይቀየርም፣ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ብታስሩ ይጋጫሉ፣ ኢኤስፒ32 ሁለት አይቱሲ (ሴንሰር ሚታሰርበት መስመር) ስላለው ለየብቻ አስሯቸው።