ፖርትፎሊዮ ዌብሳይታችሁ በስልክ ሲከፈት ለሚንቀራፈፍባችሁ ፊልም ሰሪዎች

አንድ ገጽ ላይ ስድስት ሰባት የዩቲዩብ ወይ የቪሜዮ ቪዲዮ ደርድራችሁ ገጹ አልከፈት እያለ ካስቸገራችሁ ቪዲዮዎቹን ከነማጫወቻቸው አትለጥፏቸው። በየቦታቸው ከፊልሙ የወሰዳችሁትን አንድ ፍሬም እንደ ፎቶ አስገቡና የፕሌይ ምልክት አድርጉበት፣ ማጫወቻው የሚመጣው ሰው ሲነካው ብቻ ይሁን።

ነገሩ ምንድነው፣ እያንዳንዱ ማጫወቻ ማንም ሳይነካውም ገጹ ገና ሲከፈት የራሱን ኮድ ማውረድ ይጀምራል፣ ስድስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ስልኩን ያጨናንቁታል፤ ፎቶ ግን ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት) አድርጋችሁ ካስገባችሁት ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት አያልፍም። ኤለመንተር (የዎርድፕረስ ገጽ መስሪያ) ለምትጠቀሙ የቪዲዮ ዊጀቱ ላይ ኢሜጅ ኦቨርሌይና ሌዚ ሎድ የሚሉትን ማብራት ነው። ኮድ ለምትነካኩ ላይት ዩቲዩብ ኢምቤድ የሚባል ነጻ ነገር አለ፣ ይሄንኑ ይሰራላችኋል።

ፍሬሙን ታዲያ ራሳችሁ ምረጡ፣ ዩቲዩብ በራሱ የሚያወጣው እኮ አይኑ ግማሽ የተከደነ ሰው ሊሆን ይችላል። ሲኒማቶግራፈር ከሆናችሁ መብራቱ የሚያምርበትን፣ ዳይሬክተር ከሆናችሁ ተዋናዮቹ መሀል የሆነ ነገር እየተካሄደ ያለበትን። ከስሩ ደግሞ እዛ ስራ ላይ ምን ድርሻ እንደነበራችሁ በአንድ ቃል ጻፉ፣ ካሜራ፣ ኤዲቲንግ፣ ድምጽ፣ አለበለዚያ የሚያየው ሰው የቱ የእናንተ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ገጹ ላይ ያለው አንድ ሾውሪል (የስራዎቻችሁ ቅንጭብጭብ ቪዲዮ) ብቻ ከሆነ ግን ብዙም አትልፉ፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ይሄ የፎቶ ዘዴ ደግሞ አይፎን ላይ አንዳንዴ ሁለቴ መንካት ይጠይቃል፣ አይፎኑ ድምጽ ያለው ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ስለሚከለክል ነው።